«በጦርነቱ ተቃጥሏል» የተባልሁት ሰነድ፦ የሃርፐርስ ፌሪን ታሪክ በአማርኛ ስጽፍ የገጠመኝ

ባለፈው ዓመት ስለ ሃርፐርስ ፌሪ ከተማ ሃያ አራት ገጽ ያላት የታሪክ መጽሔት በአማርኛ አዘጋጅቼ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለምንኖር ቤተሰቦች አሳትሜ አድያለሁ። በአራት ወር ያልቃል ብዬ የጀመርሁት ሥራ አሥራ አንድ ወር ፈጀ፤ ከዚህም ውስጥ አምስቱ ወር የባከነው በአንድ የተሳሳተ መልስና መልሱን ሳልመረምር በመቀበሌ ነው። ስለ አንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ለመጻፍ የሚነሣ ሌላ ሰው ይህን ያህል ጊዜ እንዳያጠፋ የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃርፐርስ ፌሪ በዌስት ቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ፖቶማክና ሼናንዶዋ የተባሉት ወንዞች በሚገናኙበት ሹል መሬት ላይ የተቆረቆረች፣ ዛሬ ነዋሪዎቿ ሦስት መቶ የማይሞሉ ከተማ ናት። ልጆቻችንን ይዘን ወደዚያ የምንሄደው በጆን ብራውን ምክንያት ነው። ብራውን ኦክቶበር 16 ቀን 1859 ሌሊት ሃያ አንድ ተከታዮቹን አሰልፎ ባሮችን ለማስታጠቅ የመንግሥቱን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያዘ፤ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ተሸንፎ ተማረከ፤ ዲሴምበር 2 ቀን ቻርልስ ታውን ላይ ተሰቀለ። ልጆቹ ይህን ሰምተው ይመለሳሉ። ፋብሪካው በዚያ ጠባብ ሸለቆ ለምን እንደ ተሠራ ግን የሚነግራቸው የለም። ምክንያቱ ውሃው ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ቦታውን የመረጠው የሁለቱ ወንዞች ኃይል ማሽኖቹን ሊያዞር ስለሚችል ነበር፤ ግንባታው በ1799 ተጀመረ፤ እስከ 1861 ድረስም ከስድስት መቶ ሺህ የሚበልጥ ጠመንጃና ሽጉጥ ተሠራበት። ብራውንን ወደዚያ የሳበው መሣሪያ የወንዙ ሥራ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መጽሔቷን ከብራውን ሳይሆን ከወንዙ፣ ከወንዙም ከመጀመሪያው የጀልባ መሻገሪያ ለመጀመር ወሰንሁ።

ንባቡ ሁለት ወር ወሰደ። ካርታ መሣሉና የቦታ ስሞችን በፊደላችን ማስፈሩ አንድ ሳምንት በቂው ነበር። ማተሚያ ቤቱም ችግር አልፈጠረብኝም።

ችግሩ የመጣው ከመሬቱ ሰነድ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ሮበርት ሃርፐር በ1747 ወደ ስፍራው መጥቶ መሻገሪያውን ከፒተር ስቲቨንስ ገዛ፤ መሬቱ ግን በሕግ የስቲቨንስ አልነበረምና ሃርፐር በ1751 ከሎርድ ፌርፋክስ 125 ኤከር በስሙ አስጻፈ። ይህን ከመጻሕፍት አውቄዋለሁ። እኔ የፈለግሁት ሰነዱን በዓይኔ አይቼ ቅጂውን በመጽሔቷ ሁለተኛ ገጽ ላይ ማተም ነበር። ስለዚህ በአካባቢው ወደሚገኝ አንድ የካውንቲ (በክፍለ ግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክልል) መዝገብ ቤት ደወልሁ፤ የትኛው እንደሆነ አልጠቅስም። በአካል እንድመጣ ነገሩኝ። ከሥራዬ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ አንድ ማክሰኞ ሄድሁ። በመስኮቱ የነበረው ሠራተኛ ስሙንና ዓመቱን ጠየቀኝ፤ ስነግረው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ መዝገብም ሳይገልጥ፣ «እነዚያ በጦርነቱ ተቃጥለዋል» አለኝ።

እኔም አመንሁ። ያመንሁበት ምክንያት ዛሬም ያናድደኛል፤ መልሱ ከማውቀው ታሪክ ጋር ልክክ ብሎ ገጠመልኝ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንደ ተጀመረ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1861፣ የፌዴራሉ ወታደሮች ከተማዋን ለቀው ሲወጡ መሣሪያው ከደቡቦቹ ጋር ባበረችው በቨርጂኒያ እጅ እንዳይወድቅ ፋብሪካውን በእሳት ለኩሰውታል። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ስምንት ጊዜ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተላልፋለች፤ በሴፕቴምበር 1862 የደቡቦቹ ጄኔራል ስቶንዎል ጃክሰን አሥራ ሁለት ሺህ የሚበልጡ የፌዴራል ወታደሮችን እዚያው ማርኳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ ወረቀት ተቃጠለ ቢባል ማን ይጠራጠራል? ያም ሆኖ ቃሉን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ለመጠየቅ ሁለተኛ ጊዜ ሄድሁ፤ ሌላ ሠራተኛ የመጀመሪያውን መልስ ደገመልኝ፤ በጽሑፍ ለመስጠት ግን ፈቃደኛ አልሆነችም። ለሦስተኛ ጊዜ የፍለጋ ክፍያ ከፍዬ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ከሰባት ሳምንት በኋላ «አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር በፖስታ ደረሰኝ። አልተገኘም ማለትና ተቃጠለ ማለት አንድ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። በፋሲካ ባሳተምኋት የመጀመሪያዋ እትም አራተኛ ገጽ ላይ «የሃርፐር የመሬት ሰነድ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሏል» ብዬ ጽፌ ስድሳ ቅጂ በተንሁ።

ስሕተቱን ያሳየችኝ ጡረታ የወጣች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። መጽሔቷን ለምን ያለ ሰነድ እንዳሳተምሁ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «መሬቱን ለሃርፐር የሰጠው ማን ነው?» ሎርድ ፌርፋክስ ነው አልኋት። «ታዲያ የፌርፋክስን ወረቀት ካውንቲ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ሎርድ ፌርፋክስ በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለውን፣ ከአምስት ሚሊዮን ኤከር የሚበልጥ መሬት ከእንግሊዝ ዘውድ በተሰጠ መብት የያዘ ባለ ርስት ነበር። መሬት የሚሰጠው በራሱ ጽሕፈት ቤት፣ የሚመዘግበውም በራሱ መዝገብ ነበር። ከአሜሪካ አብዮት በኋላ መዝገቦቹ ወደ ቨርጂኒያ የመሬት ቢሮ ገቡ፤ ዛሬ በሪችመንድ በቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ምስላቸውም ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ያለ ክፍያ ሊያየው ይችላል። እኔም ያንኑ ሌሊት አገኘሁት። ሦስት የሥራ ቀንና አምስት ወር የፈጀብኝ ወረቀት ከማዕድ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሳልነሣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተገኘ።

በሠራተኞቹ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ «አላውቅም» ማለት ነውር አይደለም፣ ሳያዩ ተቃጥሏል ማለት ግን ታሪክን ማቃጠል ነው። ከእነርሱ ይልቅ ግን በራሴ አዝናለሁ። ጎንደር ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ሰነዱን ማን ጻፈው? ማንስ አስቀመጠው?» ብላችሁ ጀምሩ እላቸው ነበር፤ እኔ ግን መልሱን በገዛ እጄ ጽፌው ሳለ ጥያቄውን ረሳሁት።

ስለዚህ ምክሬ የተለመደውን የሚቃረን ነው። የዘር ሐረግና የአካባቢ ታሪክ መምሪያዎች ብዙ ጊዜ «ከካውንቲው መዝገብ ቤት ጀምሩ» ይላሉ፤ እኔ አትጀምሩ እላለሁ። አስቀድማችሁ መሬቱ በዚያ ዓመት በማን ሥር እንደነበረ በወረቀት ላይ ጻፉ። የሃርፐርስ ፌሪ መሬት መጀመሪያ መቀመጫው ዊንቸስተር በሆነው በፍሬድሪክ ካውንቲ ሥር ነበር፤ በ1772 በርክሊ ካውንቲ ሲቋቋም ወደ ማርቲንስበርግ ዞረ፤ በ1801 ጄፈርሰን ካውንቲ ሲቋቋም ወደ ቻርልስ ታውን ዞረ። ዌስት ቨርጂኒያም ራሷ እስከ 1863 ድረስ አልነበረችም፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ቨርጂኒያ ነው። ፋብሪካው ደግሞ የፌዴራል ንብረት ስለነበር ወረቀቱ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይፈለጋል። በዚያችው ከተማ የነበረውን የስቶረር ኮሌጅን ወረቀቶች የፈለገ ወደ ሞርጋንታውን፣ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሂድ። አንዲት ሦስት መቶ ሰው የማይሞላባት ከተማ ታሪኳ በስድስት ከተማ ተበትኗል።

ስቶረርን ያነሣሁት በመጽሔቷ ከሁሉ የምኮራበት ክፍል እርሱ ስለሆነ ነው። ባርነት በቀረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1867፣ ነፃ ለወጡ ጥቁሮች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፤ ከባርነት አምልጦ የነፃነት ተሟጋች የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1881 ስለ ጆን ብራውን የተናገረው፣ በ1906 ጥቁሩ ምሁር ዱ ቦይስና ጓደኞቹ ለእኩልነት የተሰበሰቡት በዚያ ነው። የኋለኞቹ ወደ ብራውን ምሽግ፣ ማለት ብራውን ተከብቦ ወደ ተማረከበት የጡብ ቤት፣ ሲሄዱ ጫማቸውን አውልቀው ነበር። ይህን በቤተ ክርስቲያን ለሚያድጉ ልጆቻችን ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ወዲያው ገባቸው። የናይጄሪያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ንናምዲ አዚኪዌም በስቶረር ተምሯል። ኮሌጁ በ1955 ተዘጋ።

ለጉብኝት ስትሄዱም መኪና የሚቆመው በኮረብታው የጎብኚዎች ማዕከል ቢሆንም ጉብኝቱን ከዚያ አትጀምሩ። ከማዕከሉ የሚነሣው አውቶቡስ ታችኛው ከተማ እንዳደረሳችሁ ማንኛውንም ቤት ሳታዩ በቀጥታ ወንዞቹ ወደሚገናኙበት ጫፍ ውረዱ፤ ቀጥላችሁ በግድግዳ ላይ የተመለከተውን የጎርፍ ልክ ለልጆቻችሁ አሳዩ። የ1870፣ የ1889፣ የ1924 እና የ1936 ጎርፎች ጦርነቱ የተወውን ወስደዋል፤ የ1936ቱ ውሃ ከሠላሳ ስድስት ጫማ በላይ ወጥቶ ነበር። የብራውን ምሽግ የተባለውን የጡብ ቤት ስታሳዩም ስፍራው ይህ ነው አትበሏቸው። ቤቱ በ1893ቱ የቺካጎ ዐውደ ርእይ ሊታይ ፈርሶ ተጓጉዟል፤ ተመልሶ በአንድ እርሻ ላይ፣ በ1909 በስቶረር ግቢ፣ በ1968 ደግሞ አሁን ባለበት ተተክሏል፤ የመጀመሪያው ቦታ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ በድንጋይ ሐውልት ተመልክቷል።

የተስተካከለችው ሁለተኛዋ እትም የሃርፐርን ሰነድ ምስል ይዛ በነሐሴ ወጥታለች። ከመጀመሪያዎቹ ስድሳ ቅጂዎች አርባ አንዱን ቤት ለቤት ዞሬ ሰብስቤያለሁ። ሰማያዊ ሽፋን ያላት ቅጂ በእጃችሁ ያለች፣ እባካችሁ አራተኛው ገጽ ላይ «ተቃጥሏል» የሚለውን ሰርዛችሁ «በሪችመንድ ይገኛል» ብላችሁ ጻፉበት።