ተሰቅሎ የሚበላ የገና ጌጥ
በቤታችን የሚሰቀለው የገና ጌጥ ሁሉ ከበዓሉ በኋላ የሚበላ ወይም ወደ ማጀት የሚመለስ እንዲሆን የወሰንኩት እናቴን ካማከርኩ በኋላ ነው። ከልጆቼ ጋር ጌጥ ልንሠራ እንዳሰብን ስነግራት «እህል መጫወቻ አይደለም፤ ከሰቀላችሁትም አውርዳችሁ ብሉት» አለችኝ፤ እኔም ቃሏን እንደ ደንብ ያዝኩት። በዚህ ምክንያት በሌሎች አገሮች ልጆች ለዚሁ ሥራ አዘውትረው የሚጠቀሙበትን፣ ሁለት እጅ ዱቄትና አንድ እጅ ጨው በውኃ ተለውሶ የሚዘጋጀውን ሊጥ ተውኩት። ቅርጽ የሚይዝና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ቢሆንም፣ ከጨዉ ብዛት የተነሣ የማይበላ ከመሆኑም በላይ ትንሽ ልጅ ብስኩት መስሎት ቢበላው ይጎዳዋል።

ሌላው ልንጠብቀው የሚገባን ጾሙ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ስለሚዘልቅ፣ ጌጡ የሚሠራው ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከማጀት በራቁበት ሰሞን ነው። ዳቦ ቆሎ ግን ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከዘይት፣ ከጨውና ከጥቂት ስኳር ስለሚሠራ፣ ልጆቹ ሲሠሩ እየቀመሱ፣ ጾመኛውም ሳይቸገር አብሯቸው ሊሠራ ይችላል። ሊጡን ጠንከር አድርጌ ካሸሁላቸው በኋላ ቅርጹን ለእነርሱ ተውኩላቸው። የባሕር ዳር ልጆች ናቸውና አብነት ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ ትልቋ ከደንገል የሚሠራውን፣ ጫፎቹ ቀና ያሉትን የጣና ታንኳ፣ ታናሿ ደግሞ ዓሣና ፔሊካን አወጡ። ለዚህ ሥራ ውፍረቱ ከትንሿ ጣት ማለፍ የለበትም፤ ወፍራሙ ላዩ ቀልቶ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር ከተሰቀለ በኋላ ይሻግታል። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲሞቅ ስለሚያብጥ የክሩ ቀዳዳ እንዳይደፈን በክብሪት እንጨት ሰፋ ተደርጎ መበሳት አለበት። እሳቱ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ እየተገላበጠ ቀስ ብሎ የደረቀ ዳቦ ቆሎ ሲሰበር ድምፅ ይሰጣል፣ ያኔ ደርሷል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያምረው ብርቱካኑ ነው። ብርድ በበዛባቸው አገሮች ቆርጠው ለሰዓታት በምድጃ ያደርቁታል፤ እኛ ግን የታኅሣሥን ፀሐይ የመሰለ ነገር እያለን ለዚህ ኤሌክትሪክ የምናቃጥልበት ምክንያት አይታየኝም። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው አግድም ቆረጥኩት፤ ቢላውን ለልጆች አልሰጠሁም። እነርሱ ፍሬውን እያወጡ፣ ጭማቂውን በንጹሕ ጨርቅ እየመጠጡ ሰፌድ ላይ ደረደሩት፤ ዝንብ እንዳያርፍበትም በስስ ሻሽ ሸፈንነው። እዚህ ሐይቁ ዳር የሌሊቱ ቅዝቃዜና የማለዳው ጤዛ ቀን የደረቀውን መልሶ ስለሚያረጥብ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወደ ቤት ማስገባት ግድ ነው። ይህን ኃላፊነት ለታናሿ ሰጠኋት፤ ሰፌዱን አንድም ማታ ሳትረሳ ማስገባቷ ከጌጡ ይልቅ አስደሰተኝ። ሲነካ ጣት ላይ የማይጣበቅና ወደ ብርሃን ሲያዙት ቀለሙ የሚያሳልፍ ከሆነ በቅቶታል። ሎሚም በዚሁ መንገድ ይደርቃል፤ መልኩ ይጠቁራል እንጂ ሽታው አይጠፋም።

ፈንድሻ ያለ ዘይትና ያለ ጨው መፈንዳት አለበት። ወዲያው የፈነዳው መርፌ ሲነካው ይፈረፈራል፤ ክፍት ዕቃ ላይ ካደረ ግን ከአየሩ ጥቂት እርጥበት ስለሚስብ ሳይሰበር በክር ይሰካል። መርፌው ጫፉ ደነዝ ያለ፣ ክሩም ጠንካራ የጥጥ ክር ቢሆን ይመረጣል። ከ4 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጉሮሯቸውን ሊዘጋው ስለሚችል ከፈንድሻው ሥራ መራቅ ይኖርባቸዋል፤ ለእነርሱ ብርቱካን መደርደር ይበቃቸዋል። በክር ተሰክቶ የደረቀ ኮረሪማ ደግሞ ከገበያ እንደመጣ ጌጥ ነው፤ በየመካከሉ ቀረፋ ሲታሰርበት ቤቱን በሽታው ይሞላዋል። ቀይ ዛላ በርበሬ ያምራል፣ ሆኖም የነካ እጅ ዓይን ላይ ስለማይታመን ለልጆች አላስነካሁም።

ለመስቀያ ጥድ አልቆረጥንም፤ ከዘይቱን ዛፍ የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ አሸዋ በሞላው ማሰሮ ውስጥ ተከልን። የሚበላ ነገር ጉንዳን መጥራቱ ስለማይቀር ማሰሮውን ውኃ ያለበት ሰፊ ሳሕን ላይ አስቀመጥነው፤ ቅርንጫፉ ግድግዳ ወይም መጋረጃ እስካልነካ ድረስ ጉንዳን ውኃውን አይሻገርም። የመስቀል ተራው ለብቻው መታሰብ አለበት። ብርቱካን፣ ኮረሪማና ቀረፋ ቀደም ብለው ቢሰቀሉ አይበላሹም፤ ዳቦ ቆሎና ፈንድሻ ግን አቧራ ስለሚጠጡና ስለሚለሰልሱ ከበዓሉ አንድ ሁለት ቀን በፊት ነው የሚወጡት። የመውረዱ ተራም እንዲሁ የተለያየ ነው። ታኅሣሥ 29 ቡናው ሲፈላ ልጆቹ ፈንድሻውንና ዳቦ ቆሎውን ራሳቸው ከክሩ እያወጡ ለእንግዳ ያቀርባሉ፤ ብርቱካኑና ቀረፋው በቀጣዮቹ ሳምንታት ሻይ ውስጥ ይገባሉ። ኮረሪማው ግን በዓሉን አይጠብቅም፤ በዋዜማው ለዶሮ ወጡ ቅቤ ሲነጠር ትልቋ ከቅርንጫፉ ላይ አውርዳ፣ ፈልፍላ ለአያቷ ትሰጣለች።