የአንድ እጅ ሥራ

በመስቀል ዋዜማ ማታ ሦስት ሆነን ጅማ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሦስታችንም ልጅነታችንን ኩባ ያሳለፍን ነን፤ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሌላው ከአጋሮ መጥተው ነበር። ለዚያች ማታ ብዬ ያቆየሁትን የሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 የኩባ ሲጋር ሳጥን ከፈትኩና አንድ አንድ አነሳን። የእኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያማረ ነበር። የአጋሮው ወዳጄ ግን ጉንጩ እስኪሰረጉድ ቢስብም ጭስ አልመጣለትም። የሦስተኛው ደግሞ ልል ሆኖ እንደ ጭድ ነደደ፤ ግማሹ ላይ ሳይደርስ ምላሱን ፈጀውና አስቀመጠው። አንድ ሳጥን፣ አንድ ማርካ፣ አንድ ዋጋ። እንግዳ ጠርቼ እኔ ብቻ በደንብ ማጨሴ በጣም አሳፈረኝ።

እዚህ አገር ሲጋር ስል ብዙ ሰው ሲጋራ ይሰማል። የማወራው በእጅ ስለሚጠቀለለው፣ ከቅጠል በቀር ወረቀትም ማጣሪያም ስለሌለበት ነው። ለጤና ይበጃል ብዬ ማንንም አልመክርም። እኔ ራሴ በወር ከሁለት አላልፍም፣ ከበረንዳው ውጭም አላጨስም። ግን የምወደው ነገር ነው፤ የማውቀውም ከምንጩ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ወደ ኩባ ከተላኩት ሕፃናት አንዱ ነበርኩ። የወጣቶች ደሴት በሚሏት ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ግማሽ ቀን እየተማርን፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ውስጥ እየሠራን አደግን። በኋላ ግብርና ለመማር ፒናር ዴል ሪዮ ገባሁ። የዓለም ምርጡ የሲጋር ቅጠል ይበቅልበታል የሚባለው ቡኤልታ አባሆ ያለው እዚያው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ለመሸፈኛ የሚሆነው ቅጠል እንዳይሻክርና እንዳይወፍር በነጭ ጨርቅ ጥላ ሥር ሲያድግ አይቻለሁ። ጎተራ ውስጥ ተሰቅሎ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ ከዚያም ተከምሮ በራሱ ሙቀት ሲብላላ አሽትቻለሁ። ከክምሩ የሚወጣው የአሞኒያ ሽታ ዓይን ያስለቅሳል።

ከዚያች ማታ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ አጠቃለሉ ነበር። ሲጋር ሦስት ነገር ነው፦ ውስጡ ትሪፓ፣ እሱን የሚያስረው ካፖቴ፣ ከላይ የሚታየው ካፓ። ለትሪፓ ከተክሉ ታችኛው ክፍል ቮላዶ ይመጣል፤ እሳቱን የሚይዘው እሱ ነው። ከመካከል ሴኮ መዓዛውን፣ ከላይ ሊሄሮ ጉልበቱን ይሰጣል። ሊሄሮ በዝግታ ስለሚነድ ልክ መሃል ላይ መግባት አለበት፤ ወደ ጎን ካዘነበለ ሲጋሩ አንድ ወገኑ ብቻ ይነዳል። ቅጠሎቹ በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ ተደርገው ይታጠፋሉ። ትንሽ ጠበቅ ካሉ ይታፈናል፣ ትንሽ ላላ ካሉ ይፈጃል። ይህን ሁሉ የሚወስነው ሲጋሩን የሚጠቀልለው ሰው፣ የቶርሴዶሩ፣ ጣት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የኩባ ፋብሪካዎች ካፓው ከመልበሱ በፊት የአየሩን አሳሳብ የሚለካ መሣሪያ አስገብተዋል። ብዙ አሻሽሏል፤ ግን የእጅ ሥራ የእጅ ሥራ ነው። ከአንድ ድልህ፣ ከአንድ ቅቤ ሁለት ሴቶች ወጥ ቢሠሩ የአንዷ እጅ ይጣፍጥ የለ?

ሳጥንን በማመን የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። አንድ ቶርሴዶር የሠራቸው ሲጋሮች 50 50 እየሆኑ ይታሰራሉ። ከዚያ ወደ ቀለም ለዪዎቹ ይሄዳሉ፤ እነሱ የብዙ ቶርሴዶሮችን ሥራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በካፓው መልክ ይደረድራሉ። ሳጥን ሲከፈት ሁሉም መንትያ የሚመስሉት ለዚህ ነው። መልካቸው አንድ ሆኖ ከተለያየ እጅ የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በመስቀል ማታ ያጨስነው የሦስት ሰው ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

እንጀራዬ ቡና ነው፤ መጋዘን ውስጥ ቀማሽ ነኝ። እኛ ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ እናዘጋጃለን። አራቱ ማር ማር ብለው አምስተኛው ሻጋታ ቢሸት ያ ቡና ወጥነት ይጎድለዋል፣ ነጥቡም ይቀነሳል። በአንድ ስኒ የሚፈርድ ቀማሽ ቢኖር ማንም ሥራ አይሰጠውም። ሲጋር ላይ ግን እኔ ራሴ ለዓመታት ስፈርድ የኖርኩት በአንድ ፍሬ ነበር። መንገደኛ አንድ ኮሂባ ያመጣልኛል፣ ያምራል፣ ኮሂባ ግሩም ነው እላለሁ። ሌላው አንድ ፓርታጋስ ያመጣል፣ ይታፈናል፣ ፓርታጋስ ወረደ እላለሁ።

ሐሰተኛውማ ሌላ ጉድ ነው። አንዴ አዲስ አበባ ክዳኑ መስታወት የሆነ የኮሂባ ሳጥን በውድ ገዛሁ። አንዱን ርዝመቱን በምላጭ ስሰነጥቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቅጠል የለም፤ የተፈረፈረ ብናኝ ነው። የመስታወት ክዳን በራሱ በቂ ምልክት መሆኑን የተማርኩት ገንዘቤን ካጣሁ በኋላ ነው። ዛሬ መጀመሪያ የማየው የሳጥኑን ግርጌ ነው። «ቶታልሜንቴ ኣ ማኖ» ማለትም ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚለው ማኅተም መኖር አለበት፤ «በእጅ የተሠራ» ብቻ ከሆነ ውስጡን ማሽን ነክቶት ሊሆን ይችላል። ከጎኑ የፋብሪካው ምልክትና የታሸገበት ወርና ዓመት በቀለም ይመታሉ።

ሃቫና ለቀረው ጓደኛችን ደውዬ የመስቀሉን ነገርኩት። «አንተ ሰውዬ፣ ማርካ ትተህ እጅ ፈልግ» አለኝ። እዚያ አንዳንድ የመንግሥት ሲጋር ሱቆች ውስጥ የራሳቸው ቶርሴዶር ተቀምጦ ይጠቀልላል፤ ሲጋሩ የማርካ ቀለበት የለውም፣ ስም የለውም። ጓደኛዬ አንዲት ሴት ቶርሴዶር ጋ ለሦስት ቀን እየሄደ ሥራዋን አየ፣ አጨሰ፣ ከዚያ በአንድ ጠዋት ከአንድ የቅጠል ክምር የጠቀለለቻቸውን 20 ፍሬ ገዛ። በታኅሣሥ ይዟቸው መጣ።

ጅማ ውስጥ ማቆየቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሌላው ዓለም ሲጋሩ እንዳይደርቅ ይጨነቃል፣ እኛ በክረምት እንዳይሻግት። የምፈልገው ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ነው። መለኪያዬን በጨው ነው የምፈትነው፦ በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርጌ በጥቂት ውሃ ሊጥ እስኪመስል አርስና ከመለኪያው ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን አሳድራለሁ። 75 ማንበብ አለበት፤ የእኔው 71 ስለሚል አራት እደምርበታለሁ። ነቀዝ እንዳይፈለፈል ሲጋሮቹን በሁለት ከረጢት አሽጌ ሦስት ቀን ፍሪዘር፣ ከዚያ አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆየኋቸው። ሳጥኑን እዚሁ አናጢ ሠራልኝ። ኩባዎች ሳጥን የሚሠሩበትን እንጨት ሴድሮ ሲሉት ጽድ ስለመሰለኝ የመጀመሪያውን በጽድ አሠርቼ፣ በሁለት ወር ውስጥ ስድስት ጥሩ ሲጋሮች የጽድ ጢስ ሆነው ቀሩ። ሁለተኛውን ሳዝ አናጢው «ጋሼ፣ ሽታ ካልፈለጉ ዋንዛ ይሁን፤ ግን ቢያንስ ዓመት የደረቀ» አለኝ። ትክክል ነበር።

ሃያዎቹ ሦስት ወር አረፉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት አምስት አጨስኩ፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ስኒ ቡና በኋላ፣ እያንዳንዱን በደብተሬ እየጻፍኩ። አምስቱም ሳቡ። አምስቱም አመዳቸው ጠንቶ እስከ ሁለት ጣት ቆመ። መጀመሪያ ላይ የተቆላ ለውዝ፣ መሃል ላይ እንደ ቆዳ ያለ መዓዛ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ በርበሬ፣ አምስቱም ላይ። ሦስተኛው ብቻ ጥቂት ወደ ጎን ነደደና ራሱን አስተካከለ። አምስተኛውን ስጨርስ ለአጋሮው ወዳጄ ደውዬ ለመጪው መስቀል እንዲመጣ ነገርኩት።

አሁን ሰኔ ነው፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ መለኪያው ተደምሮ 68 ይላል። 15 ቀርተዋል። ጓደኛዬ በነሐሴ ወደ ሃቫና ይመለሳል። ለዚያች ቶርሴዶር የምልክላትን ሁለት ኪሎ ሊሙ ትናንት ቀመስኩ፤ አምስቱም ስኒ አንድ ነው።