ባውድ ሬቱን ቀንሰው

ሞድባስ (የፋብሪካ መሣሪያዎች በሽቦ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) የነካ ሰው ይህን ሲያነብ የት ላይ እንደሚስቅ አውቃለሁ። እኔ ግን እስካሁን አልሳቅሁም።

ደብረ ብርሃን ነው፤ አንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ። የፋብሪካው ስም ይቅር። ግቢው ጫፍ ላይ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ አጠገቡ ደጅ የቆመ የብረት ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ የውሃውን ከፍታና ግፊት የሚያነብ ቦርድ አለ። ከዚያ እስከ መቆጣጠሪያ ክፍሉ 300 ሜትር ገደማ አርኤስ-485 የሚባለው የመረጃ ሽቦ ተዘርግቷል። ቦርዱን ሠርቶ የሸጠልን የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። የእሱም ስም ይቅር።

ክረምቱን ሙሉ ሠራ። ኅዳር ገባና ውርጩ ሲጀምር ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ ከስክሪኑ መጥፋት ጀመሩ። አንዴ ሲአርሲ ስሕተት (መልእክቱ ተበላሽቶ መጣ)፣ አንዴ ታይም አውት (መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለፈ)፣ አንዴ ደህና። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሳጥኑን ስትመታው ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። የድርጅቱ ኢንጂነር ደግሞ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ መንገድ ላይ ቁርሱን በልቶ፣ 4 ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው። መጥቶ ስክሪኑን ያያል፤ ቁጥሩ አለ። “ይኸው ይሠራል እኮ!” ብሎን ይመለሳል።

ሁለቱ የሽቦ ጫፎች፣ ኤ እና ቢ፣ ተገላብጠው ይሆናል እንዳትሉኝ። አምራቾች በሁለቱ ስም እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ ቀን ቀን የሚሠራ ሽቦ ግን ተገላብጦ አይደለም። ሲግናሉ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ የሚገባው ባለ 120 ኦም ሬዚስተርም በሁለቱም ጫፍ አለ። የመጨረሻው ባይት ሳያልቅ ማሰራጫውን የሚዘጋ ኮድም ቢሆን ለሌሊትና ለቀን አያዳላም።

ስለዚህ አንድ ሌሊት ጋቢዬን ደርቤ፣ ላፕቶፕና ርካሽ ሎጂክ አናላይዘር (የሲግናሉን ጊዜ የሚለካ መሣሪያ) ይዤ ሳጥኑ ሥር ተቀመጥሁ። ባውድ ሬቱ (በሰከንድ የሚላከው የቢት ብዛት) 9600 ሲሆን አንድ ቢት 104 ማይክሮ ሰከንድ መሆን አለበት። ያገኘሁት 109 ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደግሜ ለካሁ፤ 107። ይህም ቢሆን ጤና አይደለም፤ ግን ይሠራል።

ቦርዱን ገልብጬ ሳይ ነገሩ ቁልጭ አለ። የቺፑን ሰዓት ልክ የሚያስይዘው የክሪስታሉ ቦታ ተሠርቷል፣ የሁለቱ ካፓሲተሮችም ቦታ ተሠርቷል፤ ሦስቱም ባዶ ናቸው። የሆነ ሰው አስቦ ስሏቸዋል፣ የሆነ ሰው ደግሞ ቆጥቦ ትቷቸዋል። የቦርዱ ቺፕ፣ አትሜጋው፣ የሚሠራው በራሱ የውስጥ ኦሲሌተር (ሰዓት ሰጪ) ነው። የእሱ 8 ሜጋኸርትዝ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 10 በመቶ ሊሳሳት እንደሚችል የቺፑ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) ራሱ ጽፎታል። በዚያ ላይ ከሙቀቱ ጋር ይንሸራተታል። እያንዳንዱ ባይት በስታርት ቢቱ (በመነሻ ምልክቱ) እንደ አዲስ ስለሚጀምር ስሕተቱ ከባይት ወደ ባይት አይከማችም፤ አንዱ ባይት ውስጥ ግን ይከማቻል። እኛ ፓሪቲ (የስሕተት መፈተሻ ቢት) ስላለን ፍሬማችን፣ ማለት አንዱ ባይት ከአጃቢ ቢቶቹ ጋር፣ 11 ቢት ነው። ተቀባዩ ቢቱን የሚያነበው መሃሉ ላይ ነው፤ መጨረሻው ቢት ላይ ሲደርስ የ5 በመቶ መዘግየት ግማሽ ቢት ይሞላል። ያኔ የሚያነበው ጎረቤቱን ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ስብሰባ ላይ አቀረብሁ። ኢንጂነሩም ነበር። ወረቀቱን አየት አደረገና አስቀመጠው።

“ወንድሜ፣ ባውድ ሬቱን ቀንሰው።”

“ባለፈው በስልክ ባሉን መሠረት ወደ 4800 አውርደነዋል፣ ኢንጂነር። ለውጥ የለም።”

“ወደ 2400 ውሰደዋ!”

“ሰዓቱ 5 በመቶ ከዘገየ በ2400ም 5 በመቶ ነው የሚዘገየው። በ4800 ለክቼዋለሁ፤ 208 መሆን ሲገባው 218 ነው። መቶኛው ያው ነው። ፍጥነት መቀነስ የሚጠቅመው ሽቦው ረዝሞ ወይም ሲግናሉ ተበላሽቶ ቢሆን ነበር።”

ፈገግ አለ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለቃዬ ሳቀ። ግዢ ክፍሏ ሳቀች። ባውድ ሬት የውሃ ዓይነት ይመስለው የነበረው የፋይናንስ ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ቀረሁ። መልሱ የመጣልኝ ማታ ባጃጅ ውስጥ ነው፤ “እንቁላሉ ግን በብርድ ደርቋል” ማለት ነበረብኝ። ለማን ልንገረው? ለባጃጁ ሾፌር ነገርሁት፤ “አቤት?” አለኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ኢንጂነሩ ስብሰባው ላይ ማስረጃ ብሎ ያመጣው ነገር ነው። “ይኸው ቦርድ ሸዋ ሮቢት መስኖ ላይ ያለ አንዲት ስሕተት ይሠራል። ችግሩ እናንተ ግቢ ውስጥ ነው” አለ። እውነቱን ነው! ጣርማ በርን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ ጃኬትህን ደብረ ሲና ላይ ታወልቃለህ፤ ሸዋ ሮቢት ሰው ኅዳርንም በካናቴራ ያድራል። ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሰውዬው ምርመራውን በገዛ አፉ ጨርሶት፣ ሳይሰማው ቀረ።

የተወሰነው ኬብል መቀየር ነው። ሺልድ (መከላከያ ሽፋን) ያለው፣ ውድ። ተቀየረ። በማግስቱ ሌሊት ስሕተት የለም። በሳልስቱም የለም። እኔ ዝም አልሁ፤ ምን እላለሁ? ሪፖርቱ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፦ “ችግሩ በኬብል ለውጥ ተፈቷል።”

ለነገሩ ኬብሉ በተቀየረበት ማታ ሌላም ነገር ተደርጓል። የፓምፑ ኦፕሬተር ሌሊት ጌጁ አልታይ ብሎት ሲማረር ከርሞ፣ ሠራተኞቹ ሳጥኑን ከፍተው ሳለ አንድ የድሮ ባለ 60 ሻማ አምፖል ውስጡ አንጠልጥሏል። ሳጥኑ እስኪነጋ ለብ ብሎ ያድር ጀመር። ይህን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ስሕተቱ ተመለሰ። ኢንጂነሩ በስልክ “ኬብሉን አይጥ በልቶት ይሆናል” አለ። ወርጄ ሳይ አይጥ የለም።

“ጋሼ፣ እዚህ የነካችሁት ነገር አለ?” አልሁት ኦፕሬተሩን።

“ምንም የነካሁት የለም ልጄ። አምፖሏ ተቃጥላብኝ ኤልኢዲ አስገባሁ እንጂ። እያት፣ ደግሞ ብርሃኗ!”

ብርሃኑ በእርግጥ ግሩም ነበር። ሙቀት ግን የለውም። እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳይሆን አይቀርም የጮኽሁት፤ ሰውዬው ደንግጦ “ምነው፣ ልመልሰው?” አለኝ። መልሰው አልሁት። አሮጌ ባለ 60 ሻማ ፈልጎ ሰቀለ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን፣ ቁጥሮቹ መጡ። ኤልኢዲውን መልሰን ከተን፤ ሲቀዘቅዝ ሄዱ። ከእኔ ሎጂክ አናላይዘርና ከወረቀቴ ይልቅ አለቃዬን ያሳመነው ይህ ነው። እኔ ለጀማሪ ሁሉ “መጀመሪያ ቢቱን ለካ” እያልሁ እመክራለሁ፤ መክሬም አላቆምም። ነገር ግን ስብሰባ ላይ ቢት ለክቶ ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

ጥገናው ራሱ አጭር ነው። ከሞተ ቦርድ ላይ የ8 ሜጋኸርትዝ ክሪስታልና ሁለት ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች ነቀልሁ፣ ባዶው ቦታ ላይ በየድ ያዝኋቸው፣ ፊውዝ ቢቱን (ቺፑ ሰዓቱን ከየት እንደሚወስድ የሚወስነውን ቅንብር) ወደ ውጭ ክሪስታል ቀየርሁ። ቺፑ አለመቆለፉ ጠቀመኝ። ፍጥነቱ ያው 8 ስለሆነ የሌለንን ኮድ መንካት አላስፈለገም። ድርጅቱ “ዋስትናው ይፈርሳል” ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። አለቃዬ ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ከተተው፤ “በኬብል ለውጥ ተፈቷል” ከሚለው ሪፖርት ጋር አብረው ይኖራሉ። በዚያ ሌሊት ውርጭ ላይ ለካሁት። 208 አካባቢ፣ ንቅንቅ የለም። ወደ 9600 ልመልሰው ስል አለቃዬ “ተወው፣ ቀስ ቢል ይሻላል” አለኝ። አሁንም 4800 ላይ ነው።

በቅርቡ ከዚያው ድርጅት አዲስ ፕሮፎርማ መጣ። ያው ቦርድ፣ አጠገቡ “ለደጋ የተዘጋጀ” የሚል ተጽፎበት፣ ዋጋው ከፍ ብሎ። ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ደወልሁ። ሽያጭ ክፍል ያለችው ልጅ ትንሽ አስጠበቀችኝና የሆነ ሰው ጠይቃ ተመለሰች።

“ብርድ ይችላል” አለችኝ።