አልጋ ያላት ሃያስ

ዛሬም መኪና ልገዛ ኮምቦልቻ ወርጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ይኸው አራተኛዬ ነው። ባለቤቴ ከበር ላይ አይታኝ «እሰይ!» አለች።

የምፈልገው አልጋ ያላት፣ ሻይ የሚፈላባት አሮጌ ሚኒባስ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ሐይቅ ዳር አድሮ መነሣት፣ ሰኞ ባቲ ገበያ መዋል ሆኗል።

ደላላው ያሳየኝ ሃያስ የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው የጣውላ አልጋ ተሠርቶላታል። ሥሩ የውሃ ጀሪካን ይዟል፤ መስኮቶቿ ላይ ደግሞ አበባ የተጠለፈበት መጋረጃ አለ። አልዋሽም፣ መጋረጃው ልቤን ወሰደው። ጫማዬን አውልቄ ጋደም አልኩ። ልክ ነው፣ እግሬ እንኳን አልተረፈም። ቀና ብዬ ጣሪያውን ሳይ ግን ጥጉ ላይ ቢጫ የውሃ ምልክት አየሁ። በጣቴ ብጫነው ኮምፔንሳቶው እንደ ራሰ ዳቦ ሰረጎደ። የወሎ ክረምት ሲወርድባት ኖሯል። በምታፈስ መኪና መሄድ ይቻል ይሆናል፤ መተኛት ግን አይቻልም።

ማግኔት ይዤ ነበር። የበሩ ታችኛው ክፍል ላይ ባስጠጋው አልያዘም፤ ቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ሊብሬዋ 12 ሰው ትጭናለች ይላል፣ ውስጧ ያለው አንድ አልጋ። ቦሎ ሲታደስ ይህንን ማን ሊያስረዳ ነው?

ሻጩ ወጣቱ «ጋሼ፣ ዛሬ ቁልፏን እንኳን አልነካሁም» አለኝ። የሃያስ ሞተር የሚገኘው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን አንስቼ እጄን ባስጠጋ ፈጃኝ። ቀዝቅዛ አልነሣ ስለምትል አሙቆ ጠብቆኛል ማለት ነው። እኔም ምንም ሳልናገር የደሴን መንገድ አቀበት፣ ሐረጎን፣ እንውጣ አልኩት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን 600 ሜትር ያህል ይጨምራል። ከዚያ በላይ መካኒክ አላውቅም። ግማሽ ሳንደርስ ጥቁር ጭስ ከኋላችን ተንዠረገገ፤ የሙቀት መርፌውም ቀዩን ነካ። ዳር ይዘን ቆምን። ልጁ ውሃ ሊጨምር ወርዶ ራዲያተሩን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት፤ ፊቱን ቢጠብሰውስ?

እስክትበርድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። የሚያልፍ ታክሲ ሳገኝ፣ ከመሳፈሬ በፊት የጠየቅኩት መጋረጃውን ለብቻው ይሸጥልኝ እንደሆነ ነበር።