ዘንድሮ ያነበብኳቸው የወጣቶች ልቦለዶች፦ ልቤ የገቡትና ያልገቡት

መስከረም ላይ ለራሴ ቃል ገባሁ። እስከ ጳጉሜን 20 የወጣቶች ልቦለድ አነባለሁ አልኩ። ያንግ አደልት የሚሏቸውን ማለቴ ነው፤ ከ12 እና 13 ዓመት እስከ 18 ላሉ ልጆች የሚጻፉትን። እኔ ያንን ዕድሜ ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ምክንያቴ የእህቴ ልጅ ናት። 15 ዓመቷ ነው፤ እኛው ጋር ነው የምትኖረው። ከመጽሐፍ የማትለይ ልጅ ነበረች፤ አምና ድንገት ተወችው።

«አክስቴ፣ እሺ ምን ላንብብ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ተረቱን አልፋዋለች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሰጠኋት፤ 60 ገጽ አካባቢ አቆመች። እኔ በሷ ዕድሜ እንቅልፍ አጥቼ ነው ያነበብኩት። ልጅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በተረቱና በትልቁ ልቦለድ መሀል ላለ ልጅ የሚሆን በአማርኛ ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት እፍኝ አይሞላም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንግዲህ ወደ እንግሊዝኛው ሄድን። የተወሰነውን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ገዛን፤ የተወሰነውን ከጓደኞች ተዋስን፤ ሁለቱን ውጭ አገር ያለች ዘመድ ላከችልን።

20 አልሞላም። 16 ጨርሻለሁ፣ 2 አቋርጫለሁ። ስለ ሁሉም አልጽፍም፤ ልቤ ውስጥ የቀሩትንና ያናደዱኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ አነባበቡ ትንሽ ልበል፤ እንግሊዝኛ ለማንበብ የምትቸገሩ ካላችሁ ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያው መጽሐፍ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። የማላውቀው ቃል በመጣ ቁጥር ስልኬን አወጣ ነበር። መዝገበ ቃላት ልከፍት ገብቼ ቴሌግራም ላይ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ኅዳር ላይ ዘዴ ቀየርኩ። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ካልመጣ አልፈልገውም። ሦስት ጊዜ ከመጣ በእርሳስ አሰምርበትና ማታ ላይ ሁሉንም አንድ ላይ እፈልጋለሁ። ጥር ላይ አንዱን መጽሐፍ በ12 ቀን ጨረስኩ። የእህቴ ልጅ ደግሞ የራሷን ዘዴ አመጣች። መጽሐፉ ስልኳን ያስረሳት ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ቁጥሩን ትጽፋለች። አንዳንዱ ላይ 9 ይላል፣ አንዳንዱ ላይ 112። አንዳንዱ ላይ ምንም የለም። ከዚህ የተሻለ የመጽሐፍ መመዘኛ እስካሁን አላየሁም።

የዓመቱ አንደኛዬ «ሎንግ ዌይ ዳውን» ነው። ጄሰን ሬይኖልድስ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ። ከ300 ገጽ በላይ ነው፤ ግን በግጥም የተጻፈ ስለሆነ አንዳንዱ ገጽ ላይ ያለው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ዊል የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ወንድሙን ገደሉበት። ወንድሙ ለእናታቸው የቆዳ ሕመም የሚሆን ሳሙና ሊገዛ እንደወጣ ነው የቀረው። በሰፈራቸው ሦስት ደንቦች አሉ። ማልቀስ የለም። መጠቆም የለም። የወደድከውን ሰው የገደለውን ትገድላለህ። ዊል የወንድሙን ሽጉጥ ከመሳቢያ ያወጣና ሊፍት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ከዚያች ሊፍት አይወጣም፤ የአንድ ደቂቃ ጉዞ ነው። ከ7ኛ ፎቅ ጀምሮ በየፎቁ ትቆማለች፣ በቆመች ቁጥር አንድ ሰው ይገባል። የሚገቡት ሁሉ የሞቱ ናቸው።

ሦስቱን ደንቦች ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ይሄ የአሜሪካ ሰፈር ብቻ መስሎ አልታየኝም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ስንባል አይደል ያደግነው? ደም መላሽ የሚለውን ቃልስ የማያውቅ ማን አለ? አባቴ ስለ አገሩ ሲያወራ የሚነግረን አንድ ልጅ ነበር። አባቱ የተገደለው ልጁ በእቅፍ ሳለ ነው። ጎረምሳ እስኪሆን ድረስ ሰው ሁሉ የሚያየው እንደ ልጅ አልነበረም፤ ነገ ደም እንደሚመልስ ሰው ነበር። ጠመንጃው ከሱ በፊት ተዘጋጅቶለታል። በመጨረሻ ሽማግሌና ቄስ ገብተው፣ የደም ካሳ ተከፍሎ፣ ታረቁ። አባቴ ይሄን ሲያወራ ሁልጊዜ እርቁ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል።

ለእህቴ ልጅ ይሄን ነገርኳት። እሷ መጽሐፉን በአንድ ቀን ነው የጨረሰችው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጀምራ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ጨረሰችው። የገጽ ቁጥሯ 4 ነው። ታሪኩን ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «ሊፍቷ ውስጥ ሽማግሌ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሚገቡት ሁሉ በዚያው ደንብ የሞቱ ወይም በሱ የተነካኩ ናቸው። «ይቅር» የሚል ሦስተኛ ወገን የለም። ደራሲውም ዊልን አይመክረውም። ማን ከምን እንደሞተ ብቻ ያሳየዋል። ሽጉጡ ውስጥ 15 ጥይት መኖር ሲገባው 14 ነው ያለው፤ ያቺ የጎደለች አንዲት ጥይት ከምክር ሁሉ ትበልጣለች። መጨረሻውን አልነግራችሁም። እኔና የእህቴ ልጅ አሁንም አልተስማማንበትም።

ሁለተኛው «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» ነው፤ የአንጂ ቶማስ፣ ይሄም የ2017። ርዕሱ ከራፐሩ ከቱፓክ የመጣ ነው። ስታር የ16 ዓመት ጥቁር ልጅ ናት። የምትኖረው ድሃ የጥቁሮች ሰፈር፣ የምትማረው ነጮች የሚበዙበት የግል ትምህርት ቤት። የልጅነት ጓደኛዋን ካሊልን ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ዓይኗ እያየ ይገድለዋል። መሣሪያ የመሰለው ነገር የፀጉር ብሩሽ ነው። ብዙ ሰው ይሄን መጽሐፍ የሚያነሳው በግድያው ነው፤ ተገቢም ነው። እኛን ቤት ያንኳኳው ግን ሌላ ነገር ነው። ስታር ትምህርት ቤት በር ላይ ስትደርስ አነጋገሯን ትቀይራለች። የሰፈሯን ቋንቋ ከበር ውጭ ትታ ትገባለች። እዚያ አትቆጣም፣ ድምፅ አታሰማም፣ «የሰፈር ልጅ ናት» እንዳይሏት።

የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ስትደርስ መጽሐፉን ይዛ ወጥ ቤት መጣች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለች። የድሮ ትምህርት ቤቷ አማርኛ የተናገረ ልጅ 5 ብር ይቀጣ ነበር። ስድስተኛ ክፍል እያለች እረፍት ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ «እናቴን» ብላ በመጮኋ ስሟ ተመዝግቧል። ይሄን ያኔ አልነገረችንም ነበር። ቅጣቱን ከምሳ ብሯ ከፍላዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነገረችኝን አንድ መጽሐፍ አስወራት። ለሷ ሲባል ብቻ እንኳ ይሄን መጽሐፍ እወደዋለሁ።

የስታር አባት ማቨሪክም አለ። ልጆቹን ይቆጣል፣ ያስተምራል፣ ይፈራላቸዋል። በብዙ የወጣቶች ልቦለድ ወላጅ ወይ ሞቷል ወይ ሞኝ ነው። እዚህ ግን ወላጅ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ «ሬፊዩጂ ቦይ»። የጻፈው እንግሊዛዊው ገጣሚ ቤንጃሚን ዜፋንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፈው። መጽሐፉ የ2001 ነው። አለም የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። የመክፈቻዎቹን ገጾች ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደሮች ቤት ሰብረው ይገባሉ፤ እናቱ ኤርትራዊት ናትና ውጡ ይላሉ። ገጹን ስትገልጡ ያው ትዕይንት ኤርትራ ውስጥ ይደገማል፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ ነውና ውጡ። ቃላቱ ራሳቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ ከሰፈራችን በአንድ ሌሊት የጠፋ ቤተሰብ ነበር። የበራቸው ቁልፍ ጎረቤት ጋ ቀርቶ ነበር። ያንን ያየ ሰው እነዚህን ገጾች ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ታውቁታላችሁ። አባትየው ልጁን «ለሽርሽር» ብሎ እንግሊዝ ይወስደውና ደብዳቤ ትቶለት ይመለሳል። ልጁ እንዲተርፍ ነው።

እንከን የለውም አልልም። አለም አንዳንዴ ከ14 ዓመት ልጅ በላይ ጨዋ ነው። ግን ኢትዮጵያ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጌጥ አይደለችም። የታሪኩ ቁስል እሷው ናት።

በዚሁ ስለ አገራችን ከተጻፉት «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ»ንም ወደድኩ። የኤልሳቤጥ ላይርድ ነው፤ በወጣትነቷ ኢትዮጵያ አስተምራለች። ታሪኩ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ስለሚገናኙ ሁለት ልጆች ነው። ማሞ ድሃ ነው፤ አጎትህ ነኝ ባይ ወስዶ ለገበሬ ይሸጠዋል። ዳኒ የሀብታም ልጅ ነው፤ የአባቱን ቁጣ ፈርቶ ይጠፋል። ለ12 ዓመት ልጅም ይሆናል።

አሁን ወዳልወደድኳቸው።

«ዘ ፎልት ኢን አወር ስታርስ»ን አለመውደድ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የጆን ግሪን፣ የ2012። ካንሰር ያለባቸው ሁለት ወጣቶች ይፋቀራሉ። ከጓደኞቼ ግማሾቹ አልቅሰውበታል። እኔ ግን ኦክስጅን ተሰክቶለት ወራት የኖረ ዘመድ አስታምሜያለሁ። ያን ያህል የታመመ ሰው ትንፋሹን ይቆጥባል። ጥቅስ የሚሆን ንግግር በየገጹ አይናገርም። እነዚህ ልጆች ሲያወሩ ደራሲው ከኋላ ሲያወራ ይሰማኛል። ሁለቱ አይሁዳዊቷ ልጅ አን ፍራንክ ከናዚዎች ተደብቃበት በነበረው ቤት ውስጥ ሲሳሳሙና ጎብኚው ሲያጨበጭብላቸው ደግሞ ጨርሶ ተለየሁት። ልጅቷ ከዚያ ቤት ተወስዳ ነው የሞተችው። እዚያ ቆሜ ማጨብጨብ አልችልም። አንድ ነገር ግን አልረሳለትም። የታሪኩ ልጅ ሄዘል፣ እናቷ ሳታውቅ «ከእንግዲህ እናት አልሆንም» ብላ ስታለቅስ ትሰማታለች። ያ አንድ መስመር እውነት ነው።

«ዳይቨርጀንት» ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ተጣልተናል ማለት ይቻላል። እሷ ከ10 ዘጠኝ ሰጠችው፣ እኔ አራት። ቬሮኒካ ሮዝ የጻፈችው ነው፣ የ2011። ሕዝቡ በአምስት ቡድን ይከፈላል። አንዱ ጀግና፣ አንዱ አዋቂ፣ አንዱ እውነተኛ፣ አንዱ ሰላማዊ፣ አንዱ ራሱን ለሌላ የሚሰጥ። 16 ዓመት ሲሞላህ ትመርጣለህ። የታሪኩ ልጅ ትሪስ ትባላለች። እኔን ያስከፋኝ ጀግንነት የሚባለው ነገር ነው። ከሚሄድ ባቡር መዝለል፣ ጓደኛን መደብደብ፣ ያልቻለን ማባረር። አንዷ ስትዘል ሳትደርስ ቀርታ ትሞታለች፣ ታሪኩ ብዙም ሳይቆይላት ያልፋል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሙሉውን መጽሐፍ ያቺን ልጅ እያሰብኩ ነው የጨረስኩት። እናቷ የት ናት?

የእህቴ ልጅ ክርክር ሌላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 11ኛ ክፍል ትገባለች። ናቹራል ወይስ ሶሻል? መምረጥ አለባት። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው «ናቹራል» ብሎ ጨርሶላታል። «ትሪስ እጇን ቆርጣ ደሟን ሳህኑ ላይ ስታንጠባጥብ፣ ወላጆቿ እያዩ ሌላ ቡድን መረጠች እኮ» አለችኝ። የገጽ ቁጥሯን ሳይ ልክ የምርጫው ምዕራፍ ላይ ነው። ነጥቤን አልቀየርኩም፤ መጽሐፉን አሁንም አልወደውም። ግን በማግስቱ እናቷን ጠርቼ ስለ ሶሻል ትምህርት ቁጭ ብለን አወራን። ልጅቷ ታሪክ ነው የምትወደው።

ጥሩም መጥፎም ያልኩት አንድ አለ፤ «ብላክ ደቭ፣ ዋይት ሬቨን»። የኤልሳቤጥ ዋይን፣ የ2015፣ በጣልያን ወረራ ዋዜማ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሚያድጉ ሁለት ልጆች። ስለ አውሮፕላን ስትጽፍ ግሩም ነው፤ ገበሬው ላይ ሲደርስ ግን ሩቅ ነው፣ ከላይ የታየ ይመስላል። ያም ሆኖ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ቴዎ የሚባለው ልጅ አባቱ ባሪያ ስለነበረ እሱም በሕግ ባሪያ ሆኖ ይገኛል። ባርነትን በሕግ ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። እኔ ይሄን ክፍል ውስጥ በደንብ ተምሬው አላውቅም። አንድ የውጭ ደራሲ በልጆች ልቦለድ ስትነግረኝ ቅር አለኝ፤ ቅር የተሰኘሁት በሷ አይደለም።

ያቋረጥኳቸውን ሁለቱን አልጠራም፤ ባልጨረስኩት ላይ መፍረድ አልፈልግም።

ለሚቀጥለው ዓመት 20ውን ትቼ 12 ብያለሁ። የመጀመሪያው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ያው ላይርድ ስለ ልዑል ዓለማየሁ የጻፈችው። ከመቅደላ በልጅነቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር የሞተው፣ ዊንዘር የተቀበረው። የእህቴ ልጅ ከኔ ቀድማ ጀምራዋለች። ዕልባቷ ገጽ 30 ላይ ነው፣ ማታ ማታ እየነጠቀችኝ ነው።

«ሎንግ ዌይ ዳውን»ን ላውሳችሁ ብዬ የነበረ ሰዎች ትንሽ ታገሡኝ። ከእህቴ ልጅ ክፍል አልተመለሰም። አሁን ስድስተኛው ልጅ እጅ ላይ ነው፤ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ እያንዳንዳቸው ስልካቸውን የረሱበትን የገጽ ቁጥር ጽፈዋል። 4፣ 11፣ 7፣ 23፣ 6። የስድስተኛው ገና ነው።