ጥሬው 40፣ ስኒው 60

የምሠራው ጅማ ነው፤ ቡና ወደ ውጭ በሚልክ አንድ ድርጅት የቅምሻ ክፍል። ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ናሙና ይመጣል። መጀመሪያ ጥሬው ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፍና እንከኑ ይለቀማል፦ ጥቁር ፍሬ፣ ነቀዝ የበላው፣ የተሰበረ፣ የሻገተ። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ፍል ውሃ ይፈስበታል፣ በማንኪያ ሳብ ተደርጎ ይቀመሳል። ጥሬው ከ40 ይታረማል፣ ስኒው ከ60። ሁለቱ ተደምረው ደረጃው ይወጣል። ቀማሹ የሚያየው ኮድ ብቻ ነው፤ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም።

ክረምት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። መቁያ ማሽኑ ቀጥ አለ። ዝናቡ ደግሞ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ወጥቶ ሻይ መጠጣትም የለም። አንዷ ባልደረባችን ላፕቶፗ ቻርጅ ስለነበረው "ኑ፣ ፊልም ላሳያችሁ" አለች። ሁላችንም በርጩማችንን እየሳብን ተጠጋን። የክፍላችን ኃላፊም መጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ቡና ሲቀምሱ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው "አኳማን" ነበር፤ ከባሕር በታች ያለ መንግሥት ወራሽ የሆነ ጀግና ታሪክ።

ከመካከላችን አንድ ልጅ አለ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም አልቆየም። እንከን በመልቀም እሱን የሚያክል የለንም። ዓይኑ አያልፍም። ፊልም ላይም ያው ነው። ገና ከመጀመሩ እጁ ማቆሚያው ላይ ሆነ።

"አያችሁ? ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ማውራት ሲጀምር ግድግዳው ይፈነዳል። ይኸው ደግሞ!" ትንሽ ያስኬደዋል፤ ደግሞ ያቆመዋል። "ውሃ ውስጥ እኮ አይደሉም። በገመድ ተንጠልጥለው ደረቅ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተቀረጹት። ፀጉሩ ራሱ በኮምፒውተር የተሠራ ነው።"

ልጁ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ፊልሙ 143 ደቂቃ ነው፤ ረዝሟል። ብላክ ማንታ የሚባለው ጠላት አባቱን ባሕር ውስጥ ያጣ፣ ቂሙ የሚገባን ሰው ነው፤ ግን ሲሲሊ ላይ ከተደባደበ በኋላ እስከ መጨረሻው ይረሳል። ታሪኩን ለማስረዳት ሲባል ብቻ የሚወራ ወሬም በዝቷል።

እንዲህ እየተቆራረጠ ሄዶ ሄዶ የጀግናውና የወንድሙ ፍልሚያ ደረሰ። ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት አንድ ትልቅ ኦክቶፐስ በስምንት እጁ ከበሮ ይመታል። አዎ፣ ኦክቶፐስ። ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ልጁም እዚያው ላይ አቆመው። "ይኼ ምን የሚሉት ነገር ነው?"

ጋሼ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። አልተቆጡም። "አንተ ልጅ፣ ጥሬውን ለቅመሃል፤ ጎሽ። አንድም አላለፈህም። ስኒውን ግን መቼ ልትቀምሰው ነው?"

ልጁ ዝም አለ። እጁንም ከላፕቶፑ ላይ አነሳ። ቆይቶ ጀግናው ሰሃራ በረሃ ሲደርስ የተለቀቀው ዘፈን እንኳ ቢያናድደውም አላቆመውም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ትዕይንት እስከዛሬ አልረሳውም። ሌሊት ነው፣ ማዕበል ነው፣ ጀልባዋን ከጥልቁ የወጡ አውሬዎች ወረዋታል። አውሬዎቹ ብርሃን ይፈራሉ። ጀግናውና አብራው የምትጓዘው ሜራ ቀይ እሳት በእጃቸው ይዘው ባሕር ውስጥ ዘለሉ። ካሜራው ሸሸ ሲል ባሕሩ ለሁለት የተቆረጠ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ዙሪያዋን በሺህ የሚቆጠር ጥቁር ነገር ይከተላታል። ዳይሬክተሩ ጄምስ ዋን ስሙን ያስጠራው በአስፈሪ ፊልሞች ነው፤ እዚህ ጋ እጁ ያስታውቃል። ቀና ብዬ ልጁን አየሁት። በርጩማውን ወደፊት ስቦ አፉን ከፍቶ ነበር።

መብራት መጣ። ወደ ሥራችን ተመለስን፤ ቀሪውን በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጨረስነው። ስናበቃ ጋሼ የቅምሻ ቅጽ አነሱና "በሉ፣ ደረጃ እናውጣለት" አሉ። ልጁ ጥሬውን ከ40፣ 18 ሰጠው። ማንም አልተከራከረውም፤ ይገባዋል። ስኒው ላይ ግን ጦፈ። ላፕቶፕ ያመጣችው ልጅ 55 ካልሆነ አለች። እኔ 50 አልኩ። ጀግናውን ሆኖ የሚጫወተው ጄሰን ሞሞአ ሥራውን እንደ በዓል ነው የሚሠራው፤ ደስታው ወደ ተመልካቹ ይተላለፋል። ደግሞ ያ መብራት ማማ ጠባቂ የጀግናው አባት አለ፤ ባሕር የወሰደበትን ፍቅሩን በየማለዳው ወደብ ላይ ወጥቶ የሚጠብቀው። እዚያ ጋ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ልጁ አሰበ አሰበና "48" አለ። ተደምሮ 66። ይህ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ያን ሁሉ ሰው ሲኒማ ቤት የወሰደው ስኒው እንጂ ጥሬው አይመስለኝም።

ይህን የማነሳው አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ነው። ፊልም የወደደ ሰው ብዙ ጊዜ ጉድለቱን ሊደብቅለት ይሞክራል፤ ጉድለቱን ያየ ደግሞ መውደዱን ያፍርበታል። እኛ ቤት ግን 18ቱም 48ቱም እዚያው ወረቀት ላይ ተጻፉ። አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም። ኦክቶፐሱን ስወደው ከልቤ ነው፤ ዘፈኑን ስጠላውም ከልቤ ነው።

ልጁ ላይ ያየሁት ለውጥ ከፊልም አለፈ። ድሮ አቅራቢ መጥቶ "የኔ ቡና እንዴት ሆነ?" ሲለው "እንከኑ በዝቷል" ብሎ ፊቱን ያዞር ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ሰውየው ግን ምን ይዞ ይሂድ? በዚያው ዓመት ቡና መድረስ ሲጀምር አንድ አዛውንት ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይዘው መጡ። ጥሬው መጥፎ ነበር፤ አፈር አፈር ይላል፣ ጥቁር ፍሬው ብዙ ነው። ልጁ ቅጹን ይዞ ወጣና አጠገባቸው ተቀመጠ።

"አባባ፣ ስኒው ጥሩ ነው። ጣዕም አለው፣ አሲዱም ደስ ይላል። የጎዳዎት አለቃቀሙና አደራረቁ ነው። ቀይ ቀዩን ብቻ ይልቀሙ፤ መሬት ላይ አያስጡት፣ አልጋ ሠርተው ያድርቁት።"

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀበሉት። ማንበብ አይችሉም ነበርና ጣታቸውን ቁጥሮቹ ላይ አድርገው "የቱ ነው የስኒው?" አሉት። አሳያቸው። ከዚያ ስለ አልጋው ጠየቁት፤ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ በቀርከሃ ይሆን እንደሆነ። ልጁም ወረቀቱን ገልብጦ ይስልላቸው ጀመር።