ከኮንትራክተርነት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት

ቤይሩት ለዓመታት ሠርተው ወደ ደሴ የተመለሱት አክስቴ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር የቀድሞውን የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር የራፊቅ ሐሪሪን ስም ሳያነሡ አያልፉም። ሐሪሪ እ.ኤ.አ. በ1944 በሲዶን ከዝቅተኛ ኑሮ ቤተሰብ ተወልደው፣ በ1965 እንጀራ ፍለጋ ሳውዲ አረቢያ ገብተው (ይህን መንገድ ወሎ አሳምሮ ያውቀዋል)፣ በኮንስትራክሽን ሥራ ቢሊየነር ሆኑ። የሊባኖስን የእርስ በርስ ጦርነት ለመቋጨት በ1989 የተፈረመው የጣይፍ ስምምነት እንዲሳካ ከደከሙት መካከልም ነበሩ። ከ1992 እስከ 1998፣ ዳግመኛም ከ2000 እስከ 2004 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ከሚሊሻ አዛዥነት ሳይሆን ከንግድ መምጣታቸው ከየወገኑ ጋር ተቀምጠው የሚደራደሩ ለዘብተኛ ያደረጋቸው ይመስለኛል። ይሁንና የፈረሰውን የቤይሩት መሐል መልሶ የገነባው ኩባንያ ውስጥ ራሳቸው ባለአክሲዮን መሆናቸው፣ የመንግሥት ዕዳም መቆለሉ፣ ነጋዴውንና ሹሙን ለመለየት እንደተቸገሩ ያሳያል፤ አክስቴ ግን በዚህ ፈጽሞ አይስማሙም። ሐሪሪ በ2005 ፌብሩዋሪ 14 ቀን በቦምብ ሲገደሉ አክስቴ እዚያው ቤይሩት ነበሩ፤ የሚሠሩበት ቤት መስኮት መንቀጥቀጡን ዛሬም ያነሣሉ።